ስለ አውቶሞቢል ካንዴላ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



እንዲህ ባለው የበዓል ቀን ስለ ታላላቅ ሰዎች ወይም ስለ ሥልጣኔ መናገር የተለመደ ሲሆን፥ እኔ ግን በመዳፍ ውስጥ ስለምትያዝ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ይህችም ካንዴላ ናት። ስሟ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሻማ ማለት ነው።

በቤንዚን በሚሠራ ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተደባልቆ ይገባል፤ ፒስቶኑ ይጨምቀዋል፤ ያን ጊዜ በካንዴላዋ ጫፍ ባሉት በሁለቱ ብረቶች መካከል ብልጭታ ዘሎ ያቀጣጥለዋል። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ፥ ቦቢና የሚባለው መሣሪያ ቮልቱን ከ10,000 በላይ ያደርሰዋል። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሯ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ቢዞር፥ እያንዳንዷ ካንዴላ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለምትበራ፥ በአንድ ኪሎ ሜትር 1,200 ጊዜ በራች ማለት ነው። በ30,000 ኪሎ ሜትር 36 ሚሊዮን ጊዜ ይሆናል። እንግዲህ ብረቱ ቢያልቅ ምን ያስደንቃል! ጫፏ የኒኬል የሆነች ካንዴላ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ርቀት ገደማ ትለወጣለች፤ ኢሪዲየም ከሚባለው ጠንካራ ማዕድን የተሠራችው ግን እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ልታገለግል ትችላለች።

ይህን ጕዳይ ያጠናሁት በመጽሐፍ ፍቅር አይደለም። ዐምና የቤታችን መኪና የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ እየተንቀጠቀጠች አቅም አነሳት፤ የሞተሩም መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አንድ ጋራዥ «ሞተሩ መከፈት አለበት» ብሎ የጠየቀው ገንዘብ ከአባቴ አቅም በላይ ስለ ነበረ መኪናዋን ለመሸጥ አሰቡ። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ለደንበኞቿ እንጀራ የምታደርሰው በዚህችው መኪና ነበርና በቤታችን ጭንቀት ገባ። እኔም ከመሸጧ በፊት ካንዴላዎቹን እንዳያቸው አባቴን ለመንኋቸው።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፤ ቴስታታው አሉሚንየም ስለሆነ በትኩሱ ቢፈታ ጥርሱ ይበላሻልና። ቀጥሎም በጕድጓዶቹ ውስጥ ያለውን አቧራ በንፋስ አስወጣሁ፤ ወደ ሲሊንደሩ ከወደቀ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያም አራቱን ፈትቼ በነጭ ጨርቅ ላይ በየተራቸው ደረደርኋቸው።

ሐኪም ምላስ እንደሚያይ መካኒክም የካንዴላን ጫፍ ያያል። ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፥ ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ዘይት ካረጠበው ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ ሳያልቅ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የጋራዡ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ነጭ ሆኖ ካቈረ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። (በካርቡራቶር የሚሠሩ መኪናዎች ከቈላ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ካንዴላቸው የሚጠቍረው፥ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ነው። የዛሬዎቹ ግን በሴንሰር ራሳቸው ያስተካክላሉ።)

የእኛዎቹ ሦስቱ ጤነኞች ነበሩ። የሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ግን በቤንዚን ርሳለች፤ ዘይት የለባትም። ስለዚህ ቤንዚኑ ገብቷል፥ እሳቱ ግን አልነደደም። ጥፋቱ የካንዴላዋ ነው ወይስ የቦቢናው? በመኪናችን በየካንዴላው ላይ የየራሱ ቦቢና ስላለ፥ የሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር አለዋወጥሁና ሞተሩን ጥቂት አስነሣሁ። ጥፋቱ የቦቢናው ቢሆን ኖሮ ሕመሙ አብሮት ወደ ሦስተኛው በሄደ ነበር፤ ነገር ግን እንደገና ርሳ የተገኘችው ያችው ካንዴላ ናት። በብርሃን ሳያት ነጩ ሸክላዋ እንደ ፀጕር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል።

አራቱንም በአዲስ ለወጥን። የሁለቱን ብረቶች ክፍተት መመሪያው ካዘዘው 1.1 ሚሊ ሜትር ጋር አመሳከርሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልሰውር አልፈልግም። በደስታ ቸኵዬ አራተኛዋን በጣቴ ሳላስጀምር በቁልፍ አዞርኋት። ጠበቀችብኝ፤ እኔም ታገልኋት፤ ለካስ ተጣምማ ገብታ ኖሯል! የአሉሚንየሙ ጥርስ ተበላ። ባለሙያ ተጠርቶ አዲስ የብረት ጥርስ አስገባበት፤ ዋጋውም ከአራቱ ካንዴላዎች በለጠ። አባቴ አልተቈጡም። ሒሳቡን ከፈሉና ደረሰኙን ለእኔ ሰጡኝ፤ እስከ ዛሬ በደብተሬ ውስጥ አለ።

አሁን የካንዴላዋን ራስ በአጭር የጎማ ቱቦ ይዤ በጣቴ አዞራለሁ፤ ተጣምማ ከገባች ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ ጥርሱን አይበላም። መመሪያው የማጥበቂያውን ኃይል በቍጥር ካልሰጠ፥ ቀለበት ያላትን አዲስ ካንዴላ በጣት እስክትቆም ካዞርን በኋላ በቁልፍ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ማጥበቅ ይበቃል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ስለ ካንዴላ መማር ምን ይጠቅማል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ እንደሌለው እውነት ነው። ነገር ግን በደጃችን የቆመችው መኪና በሌላ የምትለወጥበትን ቀን አናውቅም፤ እናቴም ዛሬ ጠዋት እንጀራዋን በእርሷው አድርሳለች።

አራቱን አሮጌ ካንዴላዎች ከመድረኩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የተሰነጠቀችው ከግራ ሁለተኛዋ ናት፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ካዞራችኋት መስመሩ ይታያል።