የቆፋሪው ደመወዝና የቅርሱ ዕጣ፦ የብሪታንያ ልምድ



ስለ አርኪዮሎጂ ሲወሳ የተገኘው ቅርስ ይነሣል እንጂ የቆፋሪው እንጀራ እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ የሁለቱ ዕጣ የተሳሰረ መሆኑን የብሪታንያ ታሪክ ያስረዳል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሞች እንደገና ሲታነጹና አውራ ጎዳናዎች ሲዘረጉ አያሌ ጥንታዊ ሥፍራዎች ጠፉ። ይህንኑ ጥፋት ለመታገል እ.ኤ.አ. በ1971 «ሬስኪዩ» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ ቁፋሮው በአብዛኛው በመንግሥት ድጎማ የሚካሄድ ሲሆን፣ ብዙው ቆፋሪ ከዕለት ጉርስ በማያልፍ አበል ከሥፍራ ወደ ሥፍራ የሚዘዋወር ነበር። በ1980ዎቹም ለሥራ አጦች በተዘጋጀው የመንግሥት ፕሮግራም በርካታ ሰዎች በዚሁ ሥራ ተሰማርተዋል።

ዋናው ለውጥ የመጣው በ1990 ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ የወጣው ፒ.ፒ.ጂ. 16 የተሰኘው መመሪያ፣ ቅርስ ባለበት መሬት ላይ የሚገነባው ወገን የጥናቱን ወጪ እንዲሸፍን መንገድ ከፈተ። ገንዘቡ በረከተ፤ ሥራውም በዛ። ሆኖም ሥራው በጨረታ የሚሰጥ ሆነ። አስገንቢው በአብዛኛው የሚሻው ግንባታውን የሚያስጀምርለትን ፈቃድ እንጂ የጥናቱን ጥልቀት ስላልነበረ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፍ ነበር። የቁፋሮ ትልቁ ወጪ የሰው ጉልበት ነውና፣ ዋጋ ሲቀነስ ጫናው ያረፈው በደመወዝ ላይ ነው። በመሆኑም ባለ ዲግሪው ቆፋሪ በሳምንታት በሚቆጠር ኮንትራት፣ በዝናብና በጭቃ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ይሠራ ጀመር።

የሥራው ደኅንነት ግን ተሻሻለ። ቆፋሪው ከግንበኛው ጋር በአንድ ቅጥር ስለ ዋለ የደኅንነቱ ደንብ ለእርሱም ደረሰው። በ1982 የተመሠረተው የባለሙያዎች ማኅበርም ለአባል ድርጅቶች የደመወዝ ወለል አወጣ፤ በ2014ም ንጉሣዊ ቻርተር ተሰጠው። ይሁንና ገበያው ከወለሉ በላይ ኃይል ነበረው፤ በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ግንባታ ሲቀዘቅዝ ብዙ ባለሙያዎች ከሥራ ወጡ። ኋላም እንደ ክሮስሬይልና ኤች.ኤስ. 2 ያሉ ታላላቅ የባቡር መሥመሮች ሲጀመሩ ልምድ ያለው ሰው ተፈላጊ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአፈሩ ንብርብር የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲቆፈር ይፈርሳልና። ያን አንድ ጊዜ የሚያነበው ባለሙያ ኑሮ አልገፋ ብሎት ሙያውን ሲለቅ፣ በዓመታት ያካበተው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የቆፋሪው ደመወዝ የሠራተኛው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የታሪኩም ጉዳይ ነው።