የቤት ሂሳብን በጽሑፍ ስለ መያዝ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ ለብዙ ዓመታት የዚህ እድር ጸሐፊ ሆኜ መዝገብ ስይዝ ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን የምናገረው ስለ እድሩ መዝገብ ሳይሆን ስለየቤታችን መዝገብ ነው። ሊቀመንበራችን የሰጡኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ገንዘብ ያዣችን ታማኝ ሰው መሆናቸውን ሁላችንም እንመሰክራለን። ታዲያ ነገ ተነስተው «መዋጮውን በልቤ ይዤዋለሁ፤ ደረሰኝም መዝገብም አያስፈልግም» ቢሉን እንስማማለን? በፍጹም! ቁጥጥር ኮሚቴው ያን ቀን ሂሳብ ያስመረምር ነበር። ይህም ሰውየውን ስለምንጠረጥር ሳይሆን የሰው ልብ የሚረሳ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ለእድሩ የከለከልነውን ለራሳችን ቤት ለምን ፈቀድን?

ይህን ነገር የተማርኩት በደስታ ቀን አይደለም። ታላቅ ወንድሜ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈ። አነስተኛ ሱቅ ነበረው። ቀብሩን እናንተው በወግ በማዕረግ አስፈጸማችሁልን። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ግን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ መጡ። አንዱ 4,000፣ አንዱ 2,500፣ ሦስተኛው 1,800 ብር ሟች ላይ አለን አሉ። ጠቅላላው 8,300 ብር መሆኑ ነው። ሚስቱን ብንጠይቃት «እኔ ምን ዐውቃለሁ? እሱ ሁሉንም በሆዱ ነበር የሚይዘው» አለችን። ሰዎቹ ውሸታሞች ናቸው ለማለት አልደፈርንም። የከፈለውም ይኑር ያልከፈለው ማን ይወቅ? የሟች ስም እንዳይነሳ ብላ ላሟን ሸጠች። በአንጻሩ ከሱቁ በዱቤ የወሰደው ሰው ብዙ እንደነበረ እናውቃለን፤ «አለብኝ» ብሎ የመጣው ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው። ወንድሜ ዕዳውን አወረሰ፤ ሀብቱን ግን ይዞት ሄደ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለውም ነው!

ከዚያ ወዲህ እኔም ደብተር ገዛሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያው ወር ራሴን አሳፈረኝ። በየወሩ መጨረሻ ከሥራ ባልደረባዬ 300 ብር እበደር ነበር። ደመወዙ አልበቃኝ ብሎ ነው እያልኩ አማርር ነበር። ደብተሩን ስደምር ግን ሻይ ቤት ለሻይና ለዳቦ በቀን 12 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 312 ብር አውጥቻለሁ። የምበደረው ገንዘብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት! ሻዩን ጨርሼ አልተውኩም፤ ወዳጅም የሚገናኘው እዚያው ነው። ሆኖም በሳምንት ሁለት ቀን አደረግሁት፤ የቀረውንም ቁርስ ከቤት በልቼ መውጣት ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ብድሩ ቆመ። ደብተሩ አንዲት ብር አልጨመረልኝም፤ የነበረችኝ የት እንደምትሄድ ግን አሳየኝ።

አንዳንዶቻችሁ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ትሉ ይሆናል። ባለቤቴ ወተት የምትሸጥላቸውን ሰዎች ሂሳብ በኩሽናው በር ጀርባ ላይ በከሰል እያሰመረች ትይዝ ነበር። እኔ የተማርኩት ሰውዬ እስቅባት ነበር። በኋላ ስናስተያይ የእሷ መስመር አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ የእኔ ልብ ግን ስንቴ ተሳስቷል! ደግሞም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ተምረው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ እናቶችና አባቶች በመካከላችን አሉ። ያ ፊደል ለዚህ ካልዋለ ለምን ሊውል ነው? ላልቻለ ደግሞ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይጻፍለት። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ ቁጥሩ አንድ ነው።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በጃፓን አገር ሃኒ ሞቶኮ የተባሉ ጋዜጠኛ ሴት በ1904 እ.ኤ.አ. ለእመቤቶች የቤት ሂሳብ መያዣ ደብተር አሳትመው ነበር፤ እስከ ዛሬም ልማዱ አለ። ወደራሳችን ብንመለስ፣ በ1960 ዓ.ም. ግድም በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው ካዱ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲሰጥ በውል ነበር። አበዳሪው ሁልጊዜ ይጽፋል፤ የማይጽፈው ተበዳሪው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አያያዙ ቀላል ነው። አንድ ደብተር ላይ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ብላችሁ አምስት መስመር አስምሩ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። የነገ ነገ ካላችሁት ግን ይጠፋል። በደብተሩ መጨረሻ ሁለት ገጽ ለዩ፤ አንዱን «ያለብኝ»፣ ሌላውን «ሰው ላይ ያለኝ» በሉት። ገበሬ የሆናችሁ ደግሞ ለስንዴውና ለገብሱ የተለየ ገጽ ያዙ፤ ማዳበሪያ፣ ዘር፣ ጸረ አረም፣ የቀን ሠራተኛ፣ የኮምባይነር ኪራይ፣ ጆንያና ማጓጓዣ ሁሉ ይግባ። አንዱ ኩንታል ስንት እንደፈጀ ያላወቀ ሰው በታኅሣሥ ገበያ ማትረፉንና መክሰሩን በምን ያውቃል?

ብድርን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የራሳችን ደብተር ለማስታወሻ እንጂ ለፍርድ ቤት አይበቃም፤ ተበዳሪው በወረቀት ላይ ይፈርም፣ ሁለት ምስክርም ይፈርሙ። «እንዴት ወዳጄን አስፈርማለሁ?» አትበሉ። ወዳጅነትን የሚያፈርሰው ፊርማው ሳይሆን በኋላ የሚመጣው ክርክር ነው።

ደብተር እንጀራ አይጋግርም። የኑሮ ውድነቱንም አያወርድልንም። ደመወዝ ካነሰ አነሰ ነው። ይሁን እንጂ ባልና ሚስት አንድ ገጽ ላይ ዐይናቸውን ሲያሳርፉ «ገንዘቡን የት አደረስከው? የት አደረስሽው?» የሚባለው ጭቅጭቅ ይቀንሳል። በእኔ ቤት ቀንሷል፤ ባለቤቴ እዚህ ተቀምጣለች፣ ጠይቋት።

በመጨረሻም የማሳስበው ይህን ነው። ደብተሩን የምታስቀምጡበትን ቦታ ለትዳር ጓደኛችሁ ወይም ለበኩር ልጃችሁ ዛሬውኑ ንገሩ። እድራችን ሬሳችንን በክብር ያሳርፋል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ በር ለሚያንኳኳው ሰው መልስ የሚሰጥልን ግን እድሩ አይደለም። እሱን በሕይወት ሳለን ጽፈን መተው ያለብን እኛው ነን።