ስለ ብር ጌጥ ጥቁረትና ስለ ዕድሜው እውነተኛነት

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል፤ ይኸውም በእጅ የተሠራ የብር ሽቦ ጌጥ ስለሚይዘው ጥቁረት ነው። ሆኖም ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የአንጥረኛው ክብር፥ የገዢው ገንዘብና ከእናቶቻችን የወረስነው ሀብት አብረው ይገኙበታል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ እንድታዳምጡኝ እለምናችኋለሁ።

አስቀድሞ ጥቁረቱ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ብዙ ሰው ብር ሲጠቁር ባየ ጊዜ «ዛገ» ይላል። ነገር ግን ብር እንደ ብረት በውሃና በአየር አይዝግም፤ ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። ከጭስና ከበሰበሰ ነገር የሚወጣ፥ ድኝ ያለበት ጋዝ በአየር ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ ይህም ከብሩ ገጽ ጋር ሲዋሐድ ስስ ጥቁር ሽፋን ይፈጠራል። በብር ማንኪያ እንቁላል የበላ ሰው ማንኪያው ሲጠቁር የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሽፋኑ በዓመታት ብዛት ቀስ እያለ ሲመጣ፥ ጣትና ልብስ በሚነካው በጉልሁ ስፍራ ይታሻል፤ በሽቦው እጥፋትና በጎድጓዳው ግን ይቀራል። ስለዚህ በቆየ ጌጥ ላይ ጉልሁ ያበራል፥ ጎድጓዳው ይጠቁራል፤ የሠራተኛውም ጥበብ እንደ ጽሕፈት ተለይቶ ይነበባል። የዘመን መልክ የምንለው ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አንጥረኛው ቤት እንግባ። አንጥረኛው ብሩን አቅልጦ በትር ያደርገዋል፤ ከዚያም ቀጥቅጦ፥ ከሰፊው ወደ ጠባቡ በተራ በተበሱ የብረት ቀዳዳዎች እየሳበ ያቀጥነዋል። ብር በተሳበ ቍጥር ስለሚደርቅ፥ እንዳይሰበር በየመካከሉ በእሳት ያለሰልሰዋል። ቀጥሎም ሁለቱን ሽቦ እንደ ገመድ ይገምደዋል፥ ይጠመዝዘዋል፥ በብየዳም ያያይዘዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ድካም ካለቀ በኋላ ጌጡ በሞላው እኩል ስለሚያብረቀርቅ ዓይን ግምዱን ከግምዱ ሊለየው ያስቸግራል። ስለዚህ አንጥረኛው ጌጡን በዕውቀት ማጥቆሩ ነውር አይደለም፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፊደል ጎልቶ እንዲነበብ ቀለም እንደ መሙላት ነው።

የማጥቆሩ ሥራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጌጡን በለብታ ውሃና በሳሙና፥ በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የጣት ቅባት ያለበት ስፍራ ድኙን አይቀበልምና። ቀጥሎም በጌጡ ላይ ዕንቍ ወይም ለስላሳ ድንጋይ ያለ እንደ ሆነ ሳይፈናጠጥበት በፊት ብሩን ማጥቆር ይሻላል፤ ሉልና ፈይሩዝ የመሰሉት በቀላሉ ይበላሻሉ።

በቤት ውስጥ ሊሞክረው ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ መንገድ የእንቁላል ነው። እንቁላሉን በደንብ ጠጥሮ እስኪበስል ቀቅሎ፥ ትኩስ ሳለ ከነአስኳሉ ፈጭቶ፥ ክዳን ባለው የጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ማኖር ነው። ጌጡም እንቁላሉን ሳይነካ በክር ይንጠለጠልና ዕቃው ይከደናል። ከዚያ በየጊዜው እያዩ፥ የተፈለገው መልክ ሲደርስ አውጥቶ ማጠብ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ግን ከድኝና ከፖታሲየም የተቀመመ ጨው በሞቀ፥ ግን ባልፈላ ውሃ አሟሙተው ጌጡን ለጥቂት ጊዜ ይነክሩታል። ያን ጊዜ ብሩ በመጀመሪያ ቢጫ፥ ቀጥሎ ቀይ ቡና፥ ከዚያም ሰማያዊ፥ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። በወደዱት ደረጃ አውጥተው በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡታል። በመጨረሻም በደቀቀ ጠመኔና በጨርቅ ጉልሁን ስፍራ ብቻ ያሹታል፤ ጎድጓዳው ጥቁረቱን ይዞ ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከዚህ ድኛማ ውሃ ጋር ሎሚ፥ ኮምጣጤ ወይም ሌላ አሲድ ከቶ መቀላቀል አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነውና። ሥራው መስኮት በተከፈተበት ስፍራ ይሁን፤ ዕቃውም ከማድ ቤት ዕቃ የተለየ፥ ልጆችም የማይደርሱበት ይሁን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥበቡ ነው። አሁን ደግሞ ጥበቡ ወደ ማታለል ስለሚለወጥበት ስፍራ እንናገር። ትናንት የተሠራውን ጌጥ በድኝ አጥቁሮ «ይህ መቶ ዓመት የሞላው የጥንት ዕቃ ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሲኖር፥ ጥፋቱ የድኙ ሳይሆን የቃሉ ነው። በዚህ ነገር የማርትሬዛ ብር ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ይህ ብር ንግሥቲቱ የሞተችበትን የ1780 ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፎበት፥ እርሷ ከሞተች በኋላም እስከ ብዙ ዘመን ድረስ በዚያው ዓመት ማኅተም ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከሺሁ እጅ 833ቱ ብር ነው። በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገንዘብ በዐዋጅ እስከ ወጣ ድረስ በገበያችን በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ አንጥረኞቻችንም እያቀለጡ ብዙ መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል። እንግዲህ በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት የብሩ ዕድሜ አልነበረም፤ ሆኖም ነገሩ የታወቀ ስለ ነበር ማንም አልተታለለበትም። ጥቁረትም እንደዚሁ በራሱ የዕድሜ ምስክር አይደለም።

ታዲያ ገዢው በምን ይለያል? መታየት ያለበት ቀለሙ ሳይሆን መታሸቱ ነው። ለብዙ ዘመን በአንገት የተንጠለጠለ ጌጥ ማንጠልጠያው በሰንሰለቱ ተበልቶ ይሳሳል፤ ልብስ የሚነካው ጀርባውም ይለሰልሳል። በጥቁረቱ ሥር የሞረዱ ጭረት ገና ስለታም ሆኖ ከታየ፥ የሽቦውም ጫፍ ጣት የሚቧጥጥ ከሆነ፥ ዕድሜው በድኝ የተሰጠ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

የዚህ ዓይነቱ ውሸት ጉዳት በገዢው ኪስ ብቻ አያበቃም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ አዲሱን ዕቃ ጥንታዊ ነው ተብሎ የገዛ እንግዳ ሲመለስ በፍተሻ ላይ ሊቸገር ይችላል፤ እውነተኛውን ቅርስ ደብቆ ለሚያወጣውም «አዲስ ነው፥ የጠቆረው በድኝ ነው» የሚል ማመካኛ ይገኝለታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በባለ እጁ ላይ የሚደርሰው ነው። በአገራችን ባለ እጅ በሙያው ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬ በሕይወት ያለውን አንጥረኛ ሥራ «የቀድሞ ሰው ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ ያንኑ ንቀት በሌላ መልክ መመለስ ነው፤ ሕያው ሠራተኛን ከነሙያው እንደ መቅበር ይቈጠራል። ጌጡ የሚያምር ከሆነ ዛሬ መሠራቱ ስለ ምን ያሳፍራል? አንጥረኛው በጌጡ ጀርባ ስሙንና ዓመቱን ቢቀርጽበት፥ ነጋዴውም «አዲስ ሥራ፥ በጥንት መልክ የጠቆረ» ብሎ ቢሸጥ፥ ዋጋው በእውነት ላይ ይቆማል።

በዚህ ረገድ እናንተ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አድማጮቼ የምታደርጉት ነገር አለ። ለእንግዳ ስጦታ፥ ጡረታ ለሚወጣ ባልደረባም ማስታወሻ ስትገዙ፥ የሠራውን ሰው ስምና ዕቃው አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑን በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። የጽሕፈቱ ድካም አንድ መስመር ነው፤ የሚያስከብረው ግን የብዙ ሰው ሙያ ነው።

እውነተኛ የእናት የአያት ጌጥ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ በዓል በመጣ ቍጥር በአመድና በሎሚ አይፈትገው። ፍትጊያ ጥቁረቱን ብቻ አያነሣም፤ ከብሩም ጥቂት በጥቂት ይወስዳል፥ የተገመደውንም ሽቦ ልሙጥ ያደርገዋል። በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ በደንብ ማድረቅ፥ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በደረቅ ስፍራ ማኖር ይበቃል፤ ሱፍና ጎማ ድኝ ስላለባቸው ከብር ይራቁ። በድኝ ያጠቆርነውን ዳግም ማጥቆር እንችላለን፤ እናት በዕድሜዋ ሙሉ በጣቷ አሽታ ያወጣችውን መልክ ግን ፍቀን ካጠፋነው የሚመልሰው አንጥረኛ የለም።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ብር ሲያድር ይጠቁራል፤ ስለ ብሩ የምንናገረው ቃል ግን እያደር የሚጠራ ይሁን።