ከኪንግስተን እስከ ሞራንት ቤይ፦ የአገረ ገዥው ኤድዋርድ ኤይር ሕይወትና የሕግ ጥያቄ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጃማይካን በብሪታንያ ዘውድ ስም ያስተዳደረውን የኤድዋርድ ጆን ኤይርን ታሪክ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ሰው የመረጥሁት ሥልጣን በሕግ ጥላ ሥር ሆኖ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ታሪኩ በግልጽ ስለሚያስረዳ ነው።

ኤይር በ1815 በእንግሊዝ አገር ከአንድ ቄስ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ በግ አርቢና አገር አሳሽ ሆነ። በ1841 ውኃ የማይገኝበትን የናላርቦርን ሜዳ ሲያቋርጥ የጉዞ ባልደረባው ጆን ባክስተር ተገደለ፤ ኤይር ጉዞውን የፈጸመው ዋይሊ ከተባለ የአገሬው ተወላጅ ወጣት ጋር ነበር። ከዚያም የነባር ሕዝቦች ጠባቂ ሆኖ ተሾመ፤ በሰፋሪዎችና በነባሮቹ መካከል የነበረውን ደም መፋሰስ በማብረዱም ተመሰገነ። በኒውዚላንድና በሴንት ቪንሰንት ካገለገለ በኋላ በ1862 የጃማይካ ተጠባባቂ፣ በ1864 ደግሞ ሙሉ አገረ ገዥ ሆነ።

በጃማይካ ባርነት በ1838 ፈጽሞ ቀርቶ ነበር፤ መሬቱና የመምረጥ መብቱ ግን በጥቂቶች እጅ ቀርተዋል። ከ400,000 በላይ ከሆነው ሕዝብ መራጩ 2,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ይህን በምክር ቤቱ አጥብቆ ይቃወም የነበረው ጆርጅ ዊልያም ጎርደን ነው፤ አባቱ ስኮትላንዳዊ ባለ እርሻ፣ እናቱም በባርነት የኖረች ሴት ነበረች።

ኦክቶበር 11 ቀን 1865 በፖል ቦግል የተመራ ሕዝብ ወደ ሞራንት ቤይ ፍርድ ቤት ተመመ። ሚሊሻው ተኮሰ፤ ሕዝቡም ሕንጻውን አቃጠለ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ ኤይር በደሴቲቱ ምሥራቅ የጦር ሕግ ሲያውጅ የኪንግስተንን ከተማ ከአዋጁ ውጭ አደረገ። ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ። ሁከቱ ሲነሣ ጎርደን የነበረው በኪንግስተን ነው፤ በዚያ ቢከሰስ ኖሮ የሚዳኘው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነበር። ኤይር ግን አስይዞ በመርከብ ወደ ሞራንት ቤይ ወሰደው፤ ወታደራዊ ችሎትም ፈረደበትና ኦክቶበር 23 ቀን ተሰቀለ። ቦግልም በማግስቱ ተሰቀለ።

ከለንደን የተላከው መርማሪ ኮሚሽን 439 ሰዎች መገደላቸውን፣ 600 መገረፋቸውንና 1,000 ቤቶች መቃጠላቸውን አረጋገጠ፤ ቅጣቱም ከመጠን ያለፈ እንደ ነበር ገለጸ። ኤይር ከሥልጣኑ ተነሣ። የእንግሊዝ ምሁራን ለሁለት ተከፈሉ፤ ጆን ስቱዋርት ሚልና ቻርልስ ዳርዊን ይከሰስ ሲሉ፣ ቶማስ ካርላይልና ቻርልስ ዲከንስ ተሟገቱለት። የወንጀል ክስ ለመመሥረት የተደረገው ሙከራ ሁሉ ከሸፈ። በጃማይካ ታስሮ የተገረፈው ፊሊፕስ ያቀረበው የካሣ ክስም በ1870 ውድቅ ሆነ፤ ምክንያቱም የጃማይካ ምክር ቤት በሁከቱ ጊዜ ለተፈጸመው ድርጊት ባለሥልጣናቱን ከተጠያቂነት ነጻ የሚያደርግ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉን በአገረ ገዥነቱ ያጸደቀው ኤይር ራሱ ነው። በ1874 ጡረታው ተፈቀደለት፤ በ1901 በእንግሊዝ አገር ዐረፈ።

የነባሮች ጠባቂ የነበረ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ? ብዙዎች መልሱን በጠባዩ ይፈልጋሉ፤ ፍርሃት ለወጠው የሚሉ አሉ፤ ከጥንቱም እንዲሁ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ግን መልሱን በሥልጣኑ አወቃቀር እፈልጋለሁ። የጦር ሕጉን ድንበር ያሰመረው ኤይር ነው፤ ጎርደንን ድንበሩን ያሻገረው ኤይር ነው፤ ለድርጊቱ ምሕረት በሚሰጠው ሕግ ላይ የፈረመውም ኤይር ነው። ሦስቱ ሥራዎች በአንድ እጅ ሲገቡ የባለሥልጣኑ ደግነት ለዜጋው ዋስትና አይሆንም።

ጃማይካ በ1969 ጎርደንንና ቦግልን ብሔራዊ ጀግኖች ብላ ሰየመች። ክብሩ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከሞቱ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች በየትኛውም አገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታነቡ ሦስት ጥያቄ አንሡ፦ ድንበሩን ማን አሰመረ? ሰውን ማን ያሻግራል? በመጨረሻስ የሚጠይቀው ማን ነው?