ብዙ የሄደ ጉልበታም መኪና ስንገዛ መጀመሪያ ምን እናድርግለት?



የዛሬው ንግግሬ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ሞተሩ ግን ገና ጉልበታም የሆነ መኪና ገዝቶ ወደዚህ ወደ ወረኢሉ ደጋ ስለሚያመጣ ሰው ነው። አብዛኞቻችን የምንይዘው መኪና ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የሚገዛው ባለ ቱርቦ ዲዝል ቶዮታ፣ እናንተ ‹ዲፎርዲ› የምትሉት፣ ቆጣሪው 200 ሺህም ይበል 300 ሺህ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ይነሣል። ገዢ ደግሞ ልቡ የሚሸነፈው እዚያው ላይ ነው፤ ሞተሩ ከሳበ መኪናው ጤነኛ ነው ብሎ ብሩን ይቆጥራል። እኔ የምለው ግን ተቃራኒውን ነው። ጉልበታም የሆነ አሮጌ መኪና ከደካማው የበለጠ ጥገና ይፈልጋል። ደካማው ሕመሙን ዳገት ላይ ቆሞ ያሳውቃችኋል። ጉልበታሙ ሕመሙን ሸፍኖ እስከ ቁልቁለቱ ይወስዳችኋል።

ጉዳዩ ዛሬ የበረታበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ የመኪናው ዕድሜ በገፋ ቁጥር ታክሱ እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። እንግዲህ አሁን በእጃችን ያሉት የነዳጅ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ ማለት ነው። መኪና ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ጦር ያስከተቱት በዚችው በወረኢሉ ነበር፤ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ዎልስሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አስገባላቸው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። መንዳቱን ተምረናል። መኪና ይዞ ማቆየትን ግን ገና በወግ አልተማርነውም፤ ይህን የምናገረው እያዘንኩ ነው።

ስለ ገንዘቡ አስቀድሜ ልናገር፤ ስህተቱ ከዚያ ይጀምራልና። ሰው በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ ወጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ያለችውን ሁሉ ለሻጩ ያስረክባል። በማግሥቱ ለጥገና የሚሆን አምስት ሳንቲም የለውም። መኪናው ግን ዕዳ ሊከፍል ወዲያው ሥራ ይገባል። ከሚያስገባው ገንዘብ ላይ ደግሞ ለወንበር ልብስና ለስፒከር ይወጣል። የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፤ ከመግዣው ገንዘብ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ለመጀመሪያው ጥገና ይቀመጥ። ካልተረፈ የሚገዛው መኪና ከአቅም በላይ ነውና ሌላ ይፈለግ።

ቆጣሪውን አትመኑ። ኪሎ ሜትር ማስመለስ ቀላል ሥራ ሆኗል። ቆጣሪው 120 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ መሪው ከመታሸት ብዛት ከለሰለሰ፣ የሹፌሩ ወንበር በበር በኩል ከሰመጠ፣ እውነቱን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው። ሻጩ ‹‹ባለፈው ወር ሰርቪስ ተደርጓል›› ቢልም የተጻፈ ነገር ከሌለ እንዳልተደረገ ቁጠሩት። ሰውየው ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ እሱም ከሌላ የሰማውን ይሆናል የሚነግራችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ወደ ፍሬን። በአገራችን መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚከፈተው ኮፈኑ ነው። በዚህ ደጋ መጀመሪያ መፈታት ያለበት ግን ጎማው ነው። መንገዳችንን ታውቁታላችሁ። ከደጎሎ ወደ ወንጭት ይወረዳል፤ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ይወረዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 60 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ እስኪፈላ ድረስ የሚያሞቅ ነው። ይህ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሞተሩ በማርሽ ካልያዘው ሁሉም በእነዚያ አራት እግሮች ዲስክና ታምቡር ላይ ያርፋል፤ ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ያለ ምንም መቋቋም ወለሉን ይነካል። ‹‹ፍሬን በጠሰ›› ከሚባለው አደጋ ውስጥ ምንም ያልተበጠሰበት ስንት አለ! ቱቦው ደህና፣ ሸራው ደህና፤ ዘይቱ ግን ለዓመታት ያልተቀየረ።

ስለዚህ በገዛችሁበት ሳምንት የፍሬን ዘይቱን አስቀይሩ። ቆማችሁም እዩ። መካኒኩ ከኋላው እግር ላይ ማስተንፈሻውን ሲፈታና ረዳቱ ፔዳሉን ሲረግጥ በላስቲኳ ቱቦ የሚወጣውን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ጭቅቅት ያለበት፣ የቡና አተላ የመሰለ ይወጣል፤ በመጨረሻ ጥርት ያለ ወርቅማ ዘይት መምጣት አለበት። እስኪጠራ ድረስ አትልቀቁት። አራቱም እግር እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ለዚህ የሚወጣው ወጪ የአንድ ጎማ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ለሹፌሮች አንድ ነገር አለኝ። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብላችሁ ቁልቁለት በፎሌ የምትወርዱ አላችሁ፤ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አይቻለሁ። ባለ ኮመንሬል ሞተር በማርሽ ሲወርድና እግራችሁ ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል። በፎሌ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ እያቃጠለ ይቆያል። ቁጠባ የምትሉት በተቃራኒው ወጪ ነው። ሞተር ማጥፋት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም የሚመጣው ከሚዞር ሞተር ነውና ጥቂት ጊዜ እንደረገጣችሁ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ዲዝል ሞተር እንደ ቤንዚኑ አጥብቆ ስለማይዝ ዝቅተኛውን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ። ኦቶማቲክም ቢሆን ማርሹን ወደ ታች አውርዳችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የደጋ ጉዳይ ማቀዝቀዣው ነው። ወረኢሉ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጉጉፍቱ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በመካከል ቆሞ የሚያድነን የራዲያተር ክዳን ነው፤ በውስጡ ያለችው ሞላ ግፊቱን ይዛ ውሃው 110 ዲግሪ አልፎም እንዳይፈላ ታደርጋለች። ክዳኑ ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ፣ ሞተራችሁ ምንም ሳይሆን ውሃ ይደፋል። ስንት ሰው ለክዳን የሚበቃውን ሳይከፍል ቴስታታ አስፈትቶ፣ ጓርኒሲዮን አስቀይሮ፣ ብዙ ሺህ ብር አውጥቷል! መኪናው እንደተገዛ ክዳኑ ይቀየር፤ ያረጁ የውሃ ጎማዎች ይቀየሩ፤ የምንጭ ውሃም ይቅር። በማዕድን የተሞላ ውሃ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። የራዲያተር ዘይት የምንለው ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፤ የውሃውን የመፍያ ሙቀትም ከፍ ያደርጋል።

ቴርሞስታት አውጥታችሁ የምትጥሉ መካኒኮች ይህን ልማድ እንድትተዉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሙቀት ለመቀነስ ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን የጉጉፍቱ ብርድ ላይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ ሳይሞቅ ይውላል። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩን ያፍቃል፣ ዘይቱን በነዳጅ ያቀጥናል። ከሁሉም በላይ የጋለበትን እውነተኛ ምክንያት ደብቃችሁ ባለንብረቱን ትልካላችሁ። የተዘጋ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ካለ እሱ ይሠራ።

የታይሚንግ ቺንጊያን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ ክርክር የለውምና። ባለ ሦስት ሊትሩ ዲፎርዲም ሆነ የላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድ በቺንጊያ የሚሠሩ ናቸው። ቺንጊያው ሲበጠስ ባልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተር ይወርዳል። መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ፣ ከነመወጠሪያው ይቀየር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መብራት አትጠብቁ፤ ቆጣሪው የተመለሰ መኪና መብራቱም አብሮ ተሳስቷል።

ባለ ሦስት ሊትሩ ዲፎርዲ አንድ የታወቀ ሕመም አለበት። የኖዝሎቹ የመዳብ ቀለበቶች ሲላሉ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ላይ ሾልኮ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይረጋል። በካርተሩ ውስጥ ያለችው ወንፊት በጥቀርሻ ትደፈናለች፤ ዘይት ወደ ላይ አልወጣ ሲል ብሮንዚና ያልቃል፤ ቱርቦውም ይሞታል። ቱርቦ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ዘይት ሲያጣ አይምርም። እንግዲህ ገዝታችሁ ስታመጡ ዘይት ቀይሩ ብቻ አልላችሁም፤ ካርተሩ ይውረድና ወንፊቱ ይታይ። ቀለበቶቹ ይቀየሩ። አዲሱን ዘይት 1,000 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ እንደገና ቀይሩት፤ ቀስ ብሎ ያጥባል። በአሮጌ ሞተር ውስጥ ነጭ ጋዝ ጨምሮ ማጠብ የሚሉትን አልቀበልም፤ የተጋገረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አንሥቶ ወደዚያችው ወንፊት ይጭነዋልና። ከዚያ ወዲያ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ረጅም ዳገት ከወጣችሁ በኋላም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይተንፍስ፣ ቱርቦው ይቀዝቅዝ።

ነዳጁንም አንርሳ። ኮመንሬል ነዳጅን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል፤ በጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ ለዚህ ሞተር መርዝ ነው። ቸግሮ ከተቀዳም በማግሥቱ የፊልትሮውን ውሃ ማፍሰሻ ፈትታችሁ አፍስሱ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ብቻ። ጥርሱን ስታዩ ጎኑንም አንብቡ። አራት አሃዝ ያለው ቁጥር አለ፤ 2315 ከተጻፈ በፈረንጆች 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው አሥር ዓመት ያለፈ ጎማ በረሃ ሲወርድ ሊፈነዳ ይችላል። የመሪ ቴስቲናም በዚያው ቀን ይፈተሽ። ቀለም፣ ላሜራ፣ መስታወት የመሳሰለው ይቆይ።

ለመካኒኮች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ ከዛሬ ሁሉ ነገር ይልቅ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። የሠራችሁትን ጻፉ። ቀኑን፣ ቆጣሪው ያለበትን ኪሎ ሜትር፣ የቀየራችሁትን ዕቃ ዓይነት፣ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ፣ በአንድ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ለባለመኪናው ስጡት፤ በስማችሁም ፈርሙበት። የደብተር ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይበልጥም። ደብተር ያለው መኪና ሲሸጥ ዋጋው ይከበራል፤ ቀጣዩ ገዢ በቅርቡ የተቀየረውን ዕቃ ያለ አስፈላጊነት ገዝቶ አይደግመውም፤ ጎበዙ መካኒክም ከግምት ሠሪው ይለያል። ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ይህን ሥራ ይተኩልናል ብለን አናስብ። ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ቁልቁለቱ የየዕለት ነው።

ባለንብረቶች፣ መኪናው የእናንተ ነው፤ በውስጡ የሚሳፈሩት ግን የወረኢሉ ገበያተኞች፣ ተማሪዎች፣ ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚሄዱ ሕመምተኞች ናቸው። ሹፌራችሁ ‹‹ፍሬኑ ላላብኝ›› ብሎ ቢደውል የዚያን ቀን ጉዞ እንዲሰርዝ ፍቀዱለት፤ አበሉንም አትቁረጡበት። አዲስ የገዛችሁም፣ ገና ለመግዛት ያሰባችሁም፣ የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየርና ቺንጊያው ሳይታይ አንድም ተሳፋሪ እንዳትጭኑ አደራ እላችኋለሁ።