ሱስና አንጎል
(ከሆሊውድ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በሚገኘው ፌርፋክስ መንገድ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው በዚህ ሰፈር ቡናው እየተወቀጠ ነውና ከቡናው እንጀምር።

ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ይህም በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉት ተቀባዮች ጋራ ሲገናኝ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። የቡናው ካፌይን አዴኖሲንን ስለሚመስል የተቀባዩን ስፍራ ቀድሞ ይይዛል፤ የእንቅልፉን መልእክት ግን አያደርስም። እንግዲህ ቡና ድካማችንን ይሸፍንብናል እንጂ አያስወግደውም። ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም እኩሌታው ገና በሰውነታችን ውስጥ ነው፤ ማታ እስከ በረካ ጠጥቶ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሁሉ ምክንያቱን ከስኒው ይፈልግ። ቡና የቀረባት እናትም «ራሴን ፈለጠኝ» ስትል እውነትዋን ነው፤ አንጎልዋ ካፌይኑን ለምዶ ነበርና።

ጫት ግን ከዚህ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሕዋሳቱ ዶፓሚንን አብዝተው እንዲለቁ ያደርጋል። ዶፓሚን ደግሞ አንጎልን «ይህን ድገመው» እያለ የሚያስተምር ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ እየደከመ ይሄዳል፤ የአወዳይ መኪናዎች እንደዚያ የሚከንፉት ለዚህ ነው። (በዚህ አገር ካቲኖን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነውና በሻንጣ ይምጣልን የምትሉ አስቡበት።)

አዲስ አበባ ሳለን አንድ ጓደኛችን ለፈተና ሲል ጫት ጀመረ፤ በኋላም ትምህርቱን አቋረጠ። እኛ ያለ ቡና አንድ ገጽ የማናነብ ሰዎች «ወኔ የለህም» ብለን ሰደብነው፤ ምክር የሰጠን መስሎን ነበር። ምርቃናው ሲያልፍ የሚተካውን ድብርት እንደ ስንፍና ቈጠርንበት። ጭንቀት ሲበዛ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ከፍ እንደሚል፤ ጭንቀትም የተወውን ሱስ መልሶ እንደሚቀሰቅስ አላወቅንም። ስድባችን ራሱ ጭንቀት ጨመረበት እንጂ ምን ጠቀመው?

ይህን ስንል የሰው ፈቃድ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ለመተው የቈረጠ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ድካምና ድብርት እንደሚያመጡ አስቀድሞ ካወቀ «አበድሁ» ብሎ አይደነግጥም፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ ካገኘም ቀኖቹን ማለፍ ይቀለዋል።

ይህን ጽሑፍ ወደ አገር ቤት የምንልከው የፈተናው ወራት ሳይደርስ ነው። ለዚያ ጓደኛችንም አንድ ቅጂ ጨምረናል።