ከመንካት በፊት ማንበብ፦ እየጠፋ ስለሚነሳው የድርጅት ሰርቨር



የሥልጠናችን ርዕስ ጠባብ ነው። አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰርቨር ማንም ሳይነካው እየጠፋ ይነሳል። ለምን? ርዕሱን ያጠበብነው ሆን ብለን ነው። ስለ ክላውድና ስለ ሳይበር ደኅንነት የሚሰጥ ሥልጠና አይጠፋም፤ እኛን ግን ጠዋት በስልክ የሚያስነሳን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። "ሰርቨሩ አሁንም ጠፍቶ ተነሳ፤ ቶሎ ድረሱልን" ይሉናል።

ያ ስልክ ሲደወል ከወዲያኛው ጫፍ ማን እንዳለ አንርሳ። ትልቅ ባንክ አንዱ ማሽን ቢወድቅበት ሌላው ይተካለታል። መርካቶ ያለ ጅምላ አከፋፋይ፣ ሐዋሳ ያለ የግል ክሊኒክ ወይም አዳማ ያለ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ግን ያለው አንድ ሰርቨር ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ራም የተጨመረለት ዴስክቶፕ ነው። የዕቃው ዝርዝር፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የደንበኛው ዱቤ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ፒችትሪ በሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ደረሰኝ እየመዘገቡ ሳለ ሰርቨሩ ቢጠፋ የሚቋረጠው የዕለቱ ሥራ ብቻ አይደለም። በግማሽ ተጽፎ የቀረ መዝገብ ፋይሉን ሊያበላሸው ይችላል። ያ ደግሞ የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ላይ ከሆነ የሂሳብ ሠራተኛዋ ወረቀት እያገላበጠች እንደገና ስትመዘግብ ታመሻለች።

ስለዚህ ቶሎ መድረስ አለብን። ዛሬ በግልጽ ልቃወመው የመጣሁት ግን ከደረስን በኋላ የምናደርገውን ነው። ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ እጃችን ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ራሙን ነቅለን እንሰካለን፤ ፓወር ሰፕላይ እንቀይራለን፤ አልሆን ሲል "ፎርማት እናድርገው" እንላለን። ፎርማት ስናደርግ ማሽኑ ስለ ራሱ ሲጽፍ የከረመውን ማስረጃ በሙሉ እንደመስሳለን። ጥፋቱ የዩፒኤሱ ከነበረ ሰርቨሩ በሳምንቱ ያው ይሆናል፤ ደንበኛው ደግሞ ላልተፈታ ችግር ከፍሏል። ይህ ልማድ ሙያችንን አርክሶታል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ ታዝዞ ነው የተነሳው፣ ሲስተሙ ወድቆ ነው፣ ወይስ ኃይል ተቋርጦበት? ይህን ለመለየት ዊንዳ መፍታት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ሲስተም የሚለውን መዝገብ ክፈቱ። ቁጥር 1074 ካገኛችሁ ሰርቨሩ ታዝዞ ነው የተነሳው፤ ያዘዘው ፕሮግራምና የተጠቃሚው ስም እዚያው ተጽፏል። ባግቼክ የሚል ምንጭ ያለው ቁጥር 1001 ካለ ሲስተሙ ወድቆ ብሉ ስክሪን አሳይቷል። ብሉ ስክሪኑን ማንም ያላየው ዊንዶውስ ሲወድቅ ወዲያው እንዲነሳ ተደርጎ ስለሚጫን ነው። ራሱን እንዲያስነሳ የሚያዘውን ምልክት አንሱት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ኮዱ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሚኒደምፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠው ፋይልም የትኛው ድራይቨር እንዳጠፋ ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ፔጅ ፋይሉን ያጠፋ ሰው ይህን ማስረጃም አብሮ አጥፍቷል።

እዚያው መዝገብ ውስጥ በሚታየው ቁጥር 41 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው በእሱ ነው። የመዝገቡ ምንጭ ከርነል ፓወር ስለሚባል አንዳንዱ ባለሙያ ስሙን ባየበት ደቂቃ ፓወር ሰፕላይ ሊገዛ ይወጣል። ነገር ግን 41 የሚጻፈው ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ቀድሞ በወጉ አለመዘጋቱን ከመመስከር ያለፈ አይናገርም። ዝርዝሩን ከፍታችሁ የባግቼክ ኮዱን እዩ። ከዜሮ የተለየ ከሆነ ሲስተሙ ነው የወደቀው። ቁጥሩ የሚጻፈው በተለመደው የአሥር ቤት አቆጣጠር ስለሆነ ኮዱን ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ሄክሳዴሲማል ቀይሩት፤ ለምሳሌ 292 ብሎ ከሰጣችሁ ትክክለኛው ኮድ 124 ነው፤ ይህም ሃርድዌሩ ራሱ ስሕተት አለብኝ ብሎ ያመለከተበት ነው። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ወይ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይ ማሽኑ ደርቆ ሰው ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶታል፣ ወይም ማሽኑ ምንም ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም።

የሰዓትንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ እኛ አገር የሚያጋጥም ወጥመድ ነው። ጥበቃው "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጠፋ" ይላል፤ መዝገቡ ግን 3 ሰዓት ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ሲጫን የሰዓት ክልሉ ሳይቀየር በአሜሪካ ፓስፊክ ሰዓት ቀርቷል፤ ያኔ ልዩነቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። ዊንዶውስ አዲስ አበባን ለብቻዋ ስለማይዘረዝር ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ። ሰዓቱ ሳይስተካከል የሰውን ምስክርነት ከማሽኑ መዝገብ ጋር ማገናኘት አይቻልም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በመዝገቡ 3 ሰዓት ላይ፣ በተደጋጋሚ የሚነሳ ሰርቨር ካጋጠማችሁ ደግሞ ከሃርድዌሩ በፊት የአፕዴቱን የጊዜ ሰሌዳ ተመልከቱ።

አሁን ወደ ኃይል ልምጣ፤ በእኛ ሁኔታ ሰፊው ምዕራፍ ይህ ነው። መብራት መጥፋቱን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው መብራት ሳይጠፋ ሰርቨሩ የሚጠፋበት መንገድ ነው። አንደኛው ሌዘር ፕሪንተር ነው። ፕሪንተሩ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ለማቅለጥ ሲሞቅ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይስባል። በዲቫይደር ከሰርቨሩ ጋር አንድ ዩፒኤስ ላይ ከተሰካ ዩፒኤሱ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና ሁሉንም ይጥላል። ጸሐፊዋ "ፕሪንት ሳደርግ ነው የሚጠፋው" ካለቻችሁ አትሳቁ፤ ምርመራውን ጨርሳላችኋለች።

ሁለተኛው ራሱ ዩፒኤሱ ነው። ብዙ ዩፒኤሶች በየጊዜው፣ አንዳንዶቹም በየ14 ቀኑ፣ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ባትሪ ተሻግረው ራሳቸውን ይፈትሻሉ። ባትሪው ካረጀ ሰርቨሩ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል፤ ሕንፃው ውስጥ ግን አንድም አምፖል አልጠፋም። ባለሙያው መጥቶ ቮልቴጁን ቢለካ ደህና ነው፤ ሰርቨሩን ቢፈትሽ ደህና ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይጠራል። የዩፒኤስ እርሳስ ባትሪ እንደ አያያዙ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል። እዚህ ያላችሁ የድርጅት ባለቤቶች፣ ባትሪያችሁ መቼ እንደተገዛ ዛሬ ደውላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ መቀየሪያው ደርሷል ብላችሁ ያዙት።

ኃይል መሆን አለመሆኑን ለመለየት አንድ የማያስከፍል መንገድ አለ። ከሰርቨሩ ጋር አንድ ዩፒኤስ ላይ የተሰካውን ራውተር ወይም ስዊች ክፈቱና ሳይጠፋ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ እዩ። እሱም በዚያው ሰዓት ከተነሳ ፊታችሁን ወደ ዩፒኤሱና ወደ መስመሩ አዙሩ። ሰርቨሩ ጠፍቶ ራውተሩ ካልጠፋ ግን ጥያቄው ወደ ሰርቨሩ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ፓወር ሰፕላዩም የሚመረመረው ያኔ ነው።

ከኃይል ጋር ሙቀት ይመጣል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ሰርቨር አይሞቅም የሚል እምነት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ የሰርቨር መመሪያዎች እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈቅዱና ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳሉ። ብታሰሉት አዲስ አበባ ላይ የሚፈቀደው 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ አቧራ የጠጣ ሰርቨር ከሰዓት በኋላ ይህን በቀላሉ ያልፋል። አንድ መለያ ልስጣችሁ፦ በሙቀት የተነሳ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያም ማሽኑ ይዘጋል፤ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ሠራተኞቹ ከመጥፋቱ በፊት "ዛሬ ሲስተሙ ተንቀራፈፈ" ብለው እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ደስ አይልም፤ ግን ይነገራል። የዊንዶውስ ሰርቨር የሙከራ ቅጂ የሚያገለግለው ለ180 ቀን ነው። ጊዜው ሲያልፍ ሰርቨሩ በየሰዓቱ ራሱን ይዘጋል፤ መዝገቡም ላይ ምክንያቱን በግልጽ ይጽፋል። የሙከራ ቅጂ ጭኖ፣ ለባለቤቱ ሳይናገር፣ የሙሉ ሥራ ክፍያ ተቀብሎ የሚሄድ ሰው በመካከላችን አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ የደበቀው አንዱ ነው፣ የሚታመመው ሌላው። ሰርቨሩ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያስተዳድር፣ ከሆነ ደግሞ ላይሰንስ ገዝቶ በዚያው ላይ ወደ ሙሉ ቅጂ መቀየር አይቻልም፤ ኃላፊነቱ መጀመሪያ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር አለበት። ይህ ዕቅድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በየሰዓቱ እየጠፋ ባለ ማሽን ላይ መሥራት ፈተና ነው።

ጥፋቱ ከሠሪው ኩባንያ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ማይክሮሶፍት ያወጣው ወርኃዊ አፕዴት ዶሜይን ኮንትሮለሮችን ደጋግሞ ሪስታርት ያስደርግ ነበር፤ ማስተካከያው የወጣው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። በመጋቢት 2024 የወጣው ደግሞ የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያረጋግጠው ኤልሳስ የተባለው ፕሮግራም ራም እንዲያፈስ አደረገው፤ ራሙ ሲያልቅ ዶሜይን ኮንትሮለሩ ወድቆ ይነሳ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የደኅንነት ሶፍትዌር ሠሪው የክራውድስትራይክ የተበላሸ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን አውኳል፤ ብዙዎቹም መነሳት አቅቷቸው ሲሽከረከሩ ውለዋል። በእነዚያ ቀናት ራም ሲቀይር የዋለ ባለሙያ በከንቱ ደክሟል። ስለዚህ "ችግሩ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ቀናት ምን ተጫነ?" የሚለውን ጥያቄ አትዝለሉት። አፕዴት ይዘጋ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ብላስተር የተባለው ዎርም ኮምፒውተሮችን በ60 ሰከንድ ቆጠራ ሪስታርት ሲያስደርግ መድኃኒቱ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው።

ስለ ራም ምርመራ፣ ስለ ዲስክ ጤንነት፣ እንዲሁም አይሎ እና አይድራክ የሚባሉት የሰርቨር መቆጣጠሪያዎች ለብቻቸው ስለሚይዙት መዝገብ አሠልጣኞቻችን በተግባር ያሳዩአችኋል። እኔ የምጨምረው አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ የሚለውን ነው። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ቀይራችሁ ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንደፈታው አታውቁም፤ ደንበኛውንም ለሦስቱም አስከፍላችሁታል። ከምንም በፊት ደግሞ ባክአፕ። የሚነሳ የሚወድቅ ሰርቨር ነገ ላይነሳ ይችላል። ባክአፑ ሌላ ዲስክ ላይ መኖሩን፣ ሲከፈትም የሚከፈት መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ ዊንዳ እንዳትፈቱ።

የድርጅት ባለቤቶችም የምትሠሩት አለ። ከሰርቨሩ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጡ። በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እየሠራ እንደነበር፣ መብራት መኖር አለመኖሩን ጻፉበት። ባለሙያው ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ስጡት። ሳያነብ ማሽኑን ሊፈታ የሚነሳውን አስቁሙት። ሲጨርስም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁት፤ "አሁን ይሠራል" የሚለው መልስ አይበቃችሁም።

እናንተ ባለሙያዎችም ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ይህን እንድታደርጉ አደራ እላለሁ፦ ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት መዝገቡን አንብቡ፣ ያገኛችሁትን ለደንበኛው በሚገባው ቋንቋ አስረዱት፣ ምክንያቱን ሳታውቁ ዕቃ አታስገዙት።

ሥልጠናው መልካም የትምህርት ጊዜ እንዲሆንላችሁ እየተመኘሁ በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።